ለሠፈሯ ቴአትር ቤት ልታቆም ለተነሣች ልጅ

ልጄ፣ የሠፈራችሁን አሮጌ የቀበሌ አዳራሽ ቴአትር ቤት ልታደርጉት መነሣታችሁን ሰምቼ በጣም ደስ አለኝ። ወጣቱ ሲመሽ ከጫት ቤትና ከቤቲንግ ቤት ሌላ መሄጃ ባጣበት፣ ሱቁ በጊዜ በሚዘጋበት ሠፈር እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣ ዝም ማለት አልችልም። ዕድሜዬን ከመድረክ ጋራ ስላሳለፍኩ የምልሽን ልብ ብለሽ ስሚኝ።

1. መጀመሪያ ሰው ሰብስቢ። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበር ነበር። ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ እነ መኰንን ሀብተ ወልድ ሕዝቡን ለማንቃት አቋቋሙት፤ ቴአትር ቤትነቱ በኋላ የመጣ ነው። እናንተም በየሳምንቱ የማይቀር ቡድን ይኑራችሁ። ገንዘብ ቀድሞ ሲገኝ ድምፅ ማጉያና ወንበር ይገዛል፤ የሚጫወትበት ሰው ግን አይኖርም።

2. ዕድሩን ያዢ። የሠፈሩ አግዳሚ፣ ድንኳንና ድስት ያለው ዕድሩ ዘንድ ነው። ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን በስልክ ሳይሆን ቤታቸው ድረስ ሄደሽ አነጋግሪ። አግዳሚዎቹን እሑድ ከሰዓት በኋላ ልትወስዱ፣ ማታውኑ ቆጥራችሁ ልትመልሱ ተስማሙ። የተሰበረ ካለ በራሳችሁ ወጪ አሠሩ። ሠፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ግን ትርኢቱ ይቀራል። ቲኬት ተሽጦም፣ ትልቅ እንግዳ ተጠርቶም ቢሆን ይቀራል። አግዳሚው ወደ ለቅሶ ቤት ይሂድ፣ ተዋንያኑም ድንኳን ይትከሉ፣ ውኃ ይቅዱ፤ ማስታወቂያው ላይ የሚቀጥለው እሑድ ይጻፍ። ይህን አንድ ቀን ያየ የዕድር አባል አዳራሹን እንደ ራሱ ንብረት ይጠብቅላችኋል። ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

3. ባለው ቤት ሥሩ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ያለው ማርኬት ቴአትር በ1913 እ.ኤ.አ. የተሠራ የፍራፍሬ ገበያ ነበር። ባርኒ ሳይመንና ማኒ ማኒም ቴአትር ቤት አድርገው የከፈቱት በ1976 እ.ኤ.አ.፣ የሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት በተቆሉበት በዚያው ወር ነው። ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ ይኑር የሚል ሕግ ባለበት አገር፣ በዚያ አሮጌ ገበያ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ቴአትር አይተዋል። የእናንተ አዳራሽ ችግር ጣሪያው ነው። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው እንኳ ቃል አይለይም። ስለዚህ ከመጋረጃ በፊት ኮርኒስ አሠሩ፤ አቅም ካነሰ ክረምቱን ልምምድ አድርጋችሁ ከመስከረም በኋላ አሳዩ። ተዋንያኑ ያለ ማይክሮፎን መሰማትን ይልመዱ፤ መብራት የሚጠፋው ትርኢቱ ሲደምቅ ነው።

4. ስብከት አታቅርቡ። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ስመ ጥር ድምፃውያንና ተዋንያን ከዚያ ወጥተዋል፤ የሚቀርበው ግን ብዙውን ጊዜ መፈክር ስለነበር ሰው ልቡን ዘግቶ ያጨበጭብ ነበር። ዛሬ ደግሞ በጀት የሚሰጠው ድርጅት መልእክቱን አብሮ ይልካል። እናንተ የሠፈሩን ጉዳይ አንሡ፦ የጋራ ሽንት ቤቱን ማን ያጽዳ፣ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ የላከችው ገንዘብ የት ገባ፣ አከራይና ተከራይ በውኃ ቆጣሪ ለምን ይጣላሉ። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦዋል የተወልን ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳችኋል። ጠቡ ሲከር ጨዋታው ይቆማል፤ ከተመልካቹ የፈለገ ወጥቶ በተዋናዩ ቦታ የራሱን መላ ይሞክራል። አንዲት እናት «ኧረ እሷ እንዲህ ብላ አትመልስም!» ብለው ከመቀመጫቸው ከተነሡ ሥራችሁ ያዘ ማለት ነው። አታቋርጧቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው እስኪጨርሱ ጠብቁ።

5. ለልጆቹ ዓመታት ስጡ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ውስጥ ከድኃ ቤተሰብ ልጆች ጋራ ሥራ ጀመረ። ከዚያ የወጣው የአዱኛ የዳንስ ቡድን ለዓመታት ሠልጥኖ ራሱ ሌሎችን አሠልጥኗል። የሁለት ሳምንት ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ይህን አያመጣም።

6. በነፃ አታሳዩ። ትንሽም ብትሆን ይክፈሉ፤ ሕፃናትና አቅም የሌላቸው አረጋውያን ብቻ በነፃ ይግቡ። በር ላይ ጀበና ቡናና ቆሎ የሚሸጡት የሠፈሩ ሴቶች ይሁኑ፤ የቦታ ኪራይ እንዳትጠይቋቸው። የቴአትሩ ጥቅም መጀመሪያ የሚታየው በእነሱ ጓዳ ነው። ሴት ልጆች በብርሃን ቤታቸው እንዲገቡም ትርኢቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ይለቅ።

7. ሁሉን በጽሑፍ አድርጉ። ወረዳው አዳራሹን ዛሬ በቃል ቢፈቅድ ነገ ለስብሰባ ይፈልገዋል፤ ቀኑና ሰዓቱ የሠፈረበት ማኅተም ያለው ውል ያዙ። ቡድኑን በማኅበርነት አስመዝግቡ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ለአባላት ይነበብ። ሠፈሩ ሲደምቅ የቤት ኪራይ እንደሚወደድ እወቁ። ያኔ መጀመሪያ የሚለቅቁት ተዋንያናችሁ ናቸውና ከአሁኑ ከአከራዮቹ ጋራ ተነጋገሩ። ለልማት ተነሡ ከተባላችሁም ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ይበተናል። የአባላቱ ስልክ፣ የቴአትሩ ጽሑፍና አልባሳቱ አዳራሹ ውስጥ ብቻ ተቆልፈው አይቀመጡ። በኮንዶሚኒየም ግቢ የጋራ ቤት አይጠፋም፤ ለልምምድ ይበቃል። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ስትጨርሱ ላኪልኝ፣ አንብቤ አስተያየቴን እልክልሻለሁ።