የጎማ ዱቄት በአስፋልት ውስጥ ምን ይሠራል?

ያረጀ የመኪና ጎማ እሳት ቢነካው እንደ ሻማ አይቀልጥም፤ ይቃጠላል እንጂ። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ 1839 መመለስ ይኖርብናል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ላስቲክ ከድኝ ጋር ሲሞቅ በሙቀት የማይልሰለስ፣ በብርድም የማይሰበር ጎማ እንደሚሆን ደረሰበት። የድኝ አቶሞች ረጃጅሞቹን የላስቲክ ሞለኪውሎች እንደ ድልድይ ሆነው ስለሚያስተሳስሯቸው፣ ጎማው አንድ ግዙፍ መረብ ይሆናል። ጎማን ለመኪና ያበቃው ይህ መረብ ነው፤ ካረጀ በኋላ አቅልጦ እንደገና መሥራትን አዳጋች ያደረገውም ይኸው ነው። በአገራችን በረባሶ ሠሪዎች ችግሩን ያለ ኬሚስትሪ ፈትተውታል፤ አያቀልጡትም፣ ይቆርጡታል።

አሁን ወደ መንገዱ እንለፍ። አስፋልት የምንለው በአብዛኛው ጠጠርና አሸዋ ሲሆን፣ የሚያያይዘው ሬንጅ በክብደት 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሬንጅ በኃይለኛ ሙቀት ስለሚለሰልስ በከባድ መኪና ጎማ ሥር ቦይ ያወጣል፤ በብርድ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። በ1960ዎቹ በአሪዞና የፊኒክስ ከተማ መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ማክዶናልድ የተሰነጠቁ መንገዶችን ለመጠገን የጎማ ዱቄትን ከጋለ ሬንጅ ጋር ቀላቀለ።

ብዙዎች ጎማው በሬንጁ ውስጥ የሚቀልጥ ይመስላቸዋል። በተለመደው አሠራር ሬንጁ ከ175 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ድብልቁ ለ1 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ጎማው ከድብልቁ ክብደት ከ15 እስከ 20 ከመቶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ቅንጣቶቹ ከሬንጁ ቀላል ቅባቶችን መጥጠው ያብጣሉ፤ መረቡ ግን ስለሚይዛቸው አይሟሙም። ነገሩን ለማየት የሚፈልግ ተማሪ የብር ማሰሪያ ላስቲክ በማስመሪያ ለክቶ፣ ከእሳት በራቀ ስፍራ በነጭ ጋዝ ነክሮ ቢያሳድረው፣ በማግስቱ ረዝሞና ወፍሮ ያገኘዋል።

ቅባቱን የተነጠቀው ሬንጅ ስለሚወፍር ጠጠሩን በወፍራም ሽፋን ይለብጠዋል፤ ስለዚህም አየር በቶሎ አያስረጀውም። ያበጡት ቅንጣቶች ደግሞ ጭነት ሲያርፍባቸው ተጨምቀው ይመለሳሉ። ሆኖም ድብልቁ ከልክ በላይ ከጋለ ወይም ከቆየ የድኝ ድልድዮች ይበጣጠሳሉ፤ ውፍረቱም መልሶ ይወርዳል። የሥራው ፈተና ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ይህን መዘንጋት ዋጋ ያስከፍላል። በ1991 የአሜሪካ ምክር ቤት በፌዴራል ገንዘብ በሚነጠፉ መንገዶች የተወሰነው ክፍል ጎማ እንዲገባበት በሕግ አስገደደ፤ ብዙዎቹ ግዛቶች ግን ልምዱ አልነበራቸውም። ግዴታው በ1995 ተሻረ። በእኛ አስተያየት ሕጉ ከመንገዱ ይልቅ የጎማውን ክምር ያሰበ ነበር። አሪዞና ግን ማንም ሳያስገድዳት የጀመረችውን ቀጠለች።

ሌላም ጉዳይ አለ። ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር አንድ ኬሚካል ከኦዞን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ውሕድ፣ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ኮሆ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ እንደሚገድል በ2020 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስለሆነም ጎማ የገባበት መንገድ ሲሞከር ከስንጥቁና ከቦዩ ጋር ከላዩ የሚወርደው የዝናብ ውሃም መመርመር ይኖርበታል እንላለን።