የሰማህ ላልሰማ አሰማ

ልጄ፣ የእድሩን መዝገብ አስረከቡህ አሉ። ደስ ብሎኛል። እጅህ ፈጣን፣ ልብህ ደግ ነው፤ ችግርህ መቸኮልህ ብቻ ነው። እኔ ያንን መዝገብ እዚሁ ሻንቶ ብዙ ዓመት ይዤዋለሁና፣ ሲያስረክቡህ ያልነገሩህን አንድ ጉዳይ ልንገርህ። ስማቸው መዝገብ ላይ ስላለ፣ ጆሯቸው ግን ስለከበደ አባቶችና እናቶች ነው። ዛሬ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ እየሄድክ አይሆንም።

1. ሳትጠይቅ አትቅጣ። አንድ ክረምት ጎህ ሳይቀድ የቀብር ጡሩምባ ተነፋ፤ አንድ አዛውንት ቀሩ። በሌላ ቀብር ደግመው ቀሩ። «ደንብ ደንብ ነው» ብዬ በስማቸው ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ቅጣት ጻፍኩ። ሰውየው መጡ፣ ብሩን ከመሐረባቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ንዴት መስሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ የልጅ ልጃቸው ነግራኝ ነው የገባኝ፤ ጡሩምባውን አልሰሙትም። «አልሰማሁም» ብሎ በሰው ፊት ማመን ደግሞ ከቅጣቱ ብር ይልቅ ከብዷቸው ኖሯል። ብሩን መመለስ ፈልጌ ነበር፤ አልተቀበሉኝም። እንግዲህ አንተ ከኔ ተማር። ጆሮው ከከበደ እድርተኛ ስም አጠገብ ትንሽ ምልክት አድርግ፤ ለእያንዳንዱም አንድ የቅርብ ጎረቤት መድብለት። ጎረቤቱ በር ቢያንኳኳ ዋጋ የለውም፤ ገብቶ ትከሻ ይንካ። የድሮ አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል የነበረው ለማሳመር አልነበረም። የጡሩምባ ድምፅ የማይደርስበት ጆሮ እንዳለ ያውቅ ነበር።

2. «ተወው፣ ምንም አይደል» አትበል። ባለፈው በምሳ ሰዓት ልጄ «ዳጣውን አቀብለኝ» አለችኝ፤ እኔ ጣሳውን አቀበልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሳቃቸውስ ደግ፣ እኔም ቢገባኝ እስቅ ነበር። «ምን ተባለ?» ስል «ተወው አባባ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ከገበታው የወጣሁት፤ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ቤተሰብ ሲጨመርበት ግን ባዳነቱ ይብሳል። የተሳቀበትን ነገር ለመድገም አንድ ትንፋሽ ይበቃሃል። ድገመው።

3. «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ከአፍህ አታውጣ። በቀልድም ቢሆን።

4. አትጩህ፤ ፊትህን አሳየኝ። ይህን ሁሉም ሰው ይሳሳተዋልና ጠጋ ብለህ ስማ። ጆሮ በእርጅና ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፦ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ጥ። ወፍራሞቹ ይቀራሉ። ስለዚህ ሰው እየተናገረ እንደሆነ እሰማለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አይለይልኝም። «ሰራ» ያልከው «ፈራ» ሆኖ ይደርሰኛል፤ «ጠራ» ብትለኝም ያው ነው። በአማርኛም በወላይትኛም ያው ነው። የሴትና የሕፃን ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ይብሳል፤ የልጅ ልጆቼን የምወድበት ልብ ሳይቀንስ ወሬያቸው ቀነሰብኝ። ስትጮህ የሚጨምረው ያው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ በዚያ ላይ የተቆጣህ ትመስላለህ። ይልቅ በስሜ ጥራኝ፣ ቀስ ብለህ ተናገር፣ እጅህን ከአፍህ ላይ አንሳ። የአገራችን ቤት ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ በሩን ጀርባህ አድርገህ ከቆምክ ፊትህ ጥላ ነው፣ ከንፈርህ አይታየኝም። አንተ ፊትህን ወደ በሩ አዙር። አንዴ ደግመህ ካልገባኝ ያንኑ ቃል ሦስተኛ ጊዜ አትወርውርብኝ፤ ቃሉን ለውጠው።

5. «እርጅና ነው» ብለህ ሳታስመረምር አትፍረድ። አንዳንዱ ጆሮ የተደፈነው በኩክ ብቻ ነው፤ በባለሙያ እጅ ሲጸዳ እንደ በር ይከፈታል። በክብሪት እንጨት መጎርጎር ግን ኩኩን ወደ ውስጥ መግፋት ነው፤ ታምቡርም ይበሳል። መግል የሚያፈስ ጆሮ ላይ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት የሚያንጠባጥቡትን ስንቱን አስጥዬአለሁ። ጆሮ ሊጎዱ የሚችሉ መድኃኒቶችም አሉ፤ ጀንታማይሲን፣ ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን፣ ኪኒንም በብዛት ሲወሰድ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ጆሮው ከጮኸበት መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፤ በቶሎ ለሰጠው ባለሙያ ይንገር። በአንድ ሌሊት ድንገት የጠፋ ጆሮ ካለ ደግሞ «ነገ ዛሬ» አትበል፤ የሚተርፍ ከሆነ የሚተርፈው በቀናት ውስጥ ሲታከም ነው።

6. መንገዱን በቅደም ተከተሉ ሂድ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገራት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ወደ ሶዶ። የጤና መድን ደብተር ያለው ሰው ሪፈሩን ዘሎ ሆስፒታል ከሄደ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የደብተሩን እድሳት በዓመቱ የምታስታውስ አንተ ሁን፤ በድምፅ ማጉያ የተለፈፈውን ጥሪ እነሱ አልሰሙትም። ወደ ሶዶ ከመሳፈርህ በፊት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም የሚገኝበትን ቀን በስልክ አጣራ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ባወጣው ሪፖርት፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች 78 በመቶ ያህሉ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የጆሮ ሐኪም እንኳ የላቸውም። ቀኑን ሳያጣራ ሽማግሌ ይዞ የሄደ ሰው የመኪና ብር ከስክሶ ይመለሳል።

7. አብረህ ግባ፣ ግን አትመልስላቸው። ካርድ ክፍል ስም ሲጠራ አዛውንቱ አይሰሙም፤ ተራቸው አልፎ እስከ ቀትር ይቀመጣሉ። አንተ ወረፋውን ጠብቅላቸው፣ ለነርሷም «ፊት ለፊት ያናግሯቸው» በላት። ሐኪሙ ወደ አንተ ዞሮ «ምን ያማቸዋል?» ቢልህ ጥያቄውን ወደ እሳቸው መልሰው። ሕመሙ የሳቸው ነው። መድኃኒቱ ስንቴ እንደሚወሰድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍላቸው፤ ማንበብ ለማይችሉ ፀሐይና ጨረቃ ሳልላቸው። እኔ ሠርቼበታለሁ፣ ይሠራል።

8. የመስማት መርጃ መሣሪያ ገዝተህ ሰጥተህ አትሂድ። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ፣ ወይም ከደቡብ አፍሪካ ብር የሚልክ ወንድም፣ ማዳመጫ ገዝቶ ይልካል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሣጥን ውስጥ ነው። ለምን ይመስልሃል? ማዳመጫ እንደ መነጽር በአንድ ቀን አይለመድም። መጀመሪያ የሳህኑን ኳኳታ፣ የዶሮውን ጩኸት፣ የራስህን እርምጃ ሁሉ እኩል ያመጣብሃል። አእምሮ መለየት እስኪማር ሳምንታት ይፈልጋል። በጸጥታ ቤት፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን ትንሽ ትንሽ ይጀመር፤ ገበያ ለኋላ ይቆይ። ባትሪው ትንሽ አዝራር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይሠራል፣ ስለዚህ ቀጣዩ ከየት እንደሚገዛ ሳታውቅ መሣሪያውን አትግዛ። የባትሪውን ልጣፍ ስታነሳ አንድ ደቂቃ አየር ይግባው። ማታ ሲወልቅ የባትሪው በር ይከፈት፤ ከጭስና ከእርጥበት ይራቅ፣ ሕፃንም አያግኘው፤ ባትሪው ቢዋጥ አደገኛ ነው። ደግሞ ጆሮ ሳይለካ ገበያ ላይ የተገዛ ማጉያ ድምፅን ብቻ ያጮኻል እንጂ የጠፋውን ፊደል አይመልስም።

9. ስብሰባ ላይ ቦታ ያዝላቸው። የሴፍቲኔት ዝርዝር የሚነበበው በስብሰባ ነው። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ ፕሮግራሙ ራሱ ያስቀመጠው ነገር አለ፤ ነገር ግን ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያላለ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል። አንቀጹን ቀበሌ ሄደህ ማንበብ ላያስፈልግህ ይችላል፤ ከፊት ረድፍ ሦስት ወንበር ማስቀመጥ ግን ከእጅህ አያመልጥም። ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ። ድምፅ ማጉያው ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ የሚሰማው ጩኸት ነው፤ የሰባኪው ፊት የሚታይበት ቦታ ይሻለዋል። የተወሰነውን ነገር በሁለት መስመር ጽፈህ ስጣቸው። ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች በዓለም ደረጃ ከአራቱ አንዱ ሕይወቱን የሚያውክ የመስማት ችግር አለበትና፣ መዝገብህን ስትቆጥር ከምታስበው በላይ ታገኛለህ።

10. የምልክት ቋንቋ ተማሩ ብለህ አትላካቸው። ሆሳዕና ያለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ከልጅነታቸው ላልሰሙ ልጆች ትልቅ በር ነው። በ70 ዓመቱ ጆሮው የደከመ ሰው ግን ቋንቋውን አላጣም፤ ያጣው ድምፁን ነው።

11. ዝም ያለውን ተከታተል። ጆሮው የከበደ ሰው መጀመሪያ ከገበያ ይቀራል፣ ከዚያ ከለቅሶ፣ ከዚያ ከቡና። ቤተሰቡ «አረጁ፣ ረጋ አሉ» ይላል። ረግተው አይደለም፤ ደክሟቸው ነው። ቀኑን ሙሉ የቃል ፍርፋሪ ሲለቅሙ መዋል ከእርሻ ይከብዳል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2020 (በፈረንጆቹ) ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ፣ ግን ሊከላከሏቸው ይቻላል ካላቸው 12 ነገሮች አንዱ የመስማት ችግር ነው። ስለዚህ በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ሰሞን ቤቱ በእንግዳና በዘፈን ሲሞላ ጥግ የተቀመጠውን አዛውንት አስታውስ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ወደ ውጭ ይዟቸው ይውጣና ያጫውታቸው። አሥር ሰው ባንድ ላይ ከሚያወራላቸው ያ ይበልጣል።

12. የኔንም ስም ምልክት አድርግበት። ኩራቴ እስካሁን አላስቻለኝም ነበር። ሐሙስ የመዋጮውን ሒሳብ ይዘህ ስትመጣ በሩን አታንኳኳ፤ ገብተህ ትከሻዬን ንካኝ። በቀኜ በኩል ተቀመጥ፤ ግራው ከሄደ ቆይቷል።