መጋቢት 5፦ አንድ ቀን በሁለት አቆጣጠር

በመካኒሳ አቦ መጋቢት 5ን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ምእመናን «አቦ» እያሉ የሚጠሯቸው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል የሚከበረው በዚሁ ዕለት ነው። ቀኑ በዘመናችን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ማርች 14 ላይ ይውላል። ማርች 14 በፊዚክስ ታሪክም የታወቀ ቀን ነው፤ አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1879 ተወልዶበታል፤ ስቲቨን ሆኪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 አርፎበታል። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ግጥምጥሞሽ ሊያስደንቀን ይገባልን? አንስታይንስ በእርግጥ በአቦ ዕለት ተወልዷልን?

በመጀመሪያ ዕድሉን እናስላ። 23 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ምን ያህል ነው? ብዙዎቻችን እጅግ አነስተኛ አድርገን እንገምታለን። ነገር ግን የምናነጻጽረው እያንዳንዱን ጥንድ ነው፤ ከ23 ሰዎችም 23 × 22 ÷ 2 = 253 ጥንዶች ይገኛሉ። ሁሉም በተለያየ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል 364/365 × 363/365 × … × 343/365 ሲሆን፣ ውጤቱ 0.493 ገደማ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ቀን የመጋራታቸው ዕድል 0.507፣ ማለትም ከግማሽ በላይ ይሆናል። የብዙ ታላላቅ ሰዎችን ልደትና ሞት በአንድ መዝገብ ብናሰፍር፣ የሚያስደንቀው ግጥምጥሞሽ ማግኘታችን ሳይሆን ማጣታችን በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የቀን አቆጣጠርን ይመለከታል። በእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። በጎርጎርዮሳዊው ግን ለ100 ተካፍለው ለ400 የማይካፈሉ ዓመታት ተጨማሪ ቀን የላቸውም። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነትም በአንድ ቀን ጨመረ። ከዚያ በፊት በነበሩት 100 ዓመታት መጋቢት 5 የሚውለው ማርች 13 ላይ ነበር። እንግዲህ አንስታይን የተወለደው መጋቢት 6 ቀን 1871 ዓ.ም.፣ ሆኪንግ ያረፈው መጋቢት 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ቀን የተገናኙት ሁለት ሊቃውንት በእኛ ቀን ተለያዩ ማለት ነው።

ይህ ተራ ጨዋታ እንዳይመስለን። የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በጊዜው የነበሩ አውሮፓውያን ዕለቱን ማርች 1 ቀን 1896 ብለው መዝግበዋል፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የዛሬውን ልዩነት ይዞ የ1888ቱን ቀን የሚለውጥ ተማሪ ግን ታሪኩን በአንድ ቀን ያዛባል።

የልዩነቱ ምንጭ ሰማይ ነው። ወቅቶች ተመልሰው የሚመጡት በ365.2422 ቀናት ሲሆን፣ የእኛ ዓመት በአማካይ 365.25፣ ጎርጎርዮሳዊው 365.2425 ቀናት አለው። የእኛ ትርፍ በዓመት 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆንም በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2100 ልዩነቱ ዳግም ይሰፋና የአቦ በዓል ማርች 15 ላይ ይውላል።

ለአንባቢያን አንድ መልመጃ እንተው። ጋሊሊዮ ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 አረፈ፤ ሆኪንግ ልክ በ300 ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1942 ተወለደ። በእኛ አቆጣጠር ሆኪንግ የተወለደው ታኅሣሥ 30 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጋሊሊዮ ያረፈው ግን ጥር 3 ቀን 1634 ዓ.ም. ነው። ሦስቱ ቀናት ከየት መጡ? እ.ኤ.አ. 1700፣ 1800 እና 1900ን መርምሩ።