ደርሱ 2 ሰዓት፣ ገደቡ 60 ሰከንድ፦ ስለ ቪዲዮ ርዝመትና ክብደት ማወቅ ያለብን





ጀመዓችን አንድ ሙሃደራ ወይም የፈተና ሰሞን ቲቶሪያል ቀርጾ በለቀቀ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች ይመጣሉ። አንዱ «ለምን ሙሉውን አልጫናችሁትም?» ይላል። ሌላዋ «ሙሉው ከበደኝ፤ ጥቅሌን ጨረሰብኝ፤ ለምን አታሳጥሩትም?» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ «ያሳጠራችሁት ሐሳቡን አጉድሎታል» ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው። መልሱን ለመረዳት ግን የቪዲዮ ድረ ገጾች የርዝመትና የመጠን ገደብ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው።

1. ርዝመትና ክብደት የተለያዩ ናቸው

ብዙዎቻችን «ረጅም ቪዲዮ» እና «ከባድ ቪዲዮ» የሚሉትን እንደ አንድ እናያቸዋለን። አንድ አይደሉም። ርዝመት በደቂቃ ይለካል፤ ክብደት በሜጋባይት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቢትሬት ነው፤ ይኸውም ቪዲዮው በየሰከንዱ የሚይዘው የመረጃ መጠን ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ክብደት ማለት ቢትሬት ሲባዛ በጊዜ ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ ውጤቱን ለ8 ማካፈል ነው።

በምሳሌ እንየው። ቪዲዮው በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚይዝ ከሆነ 1 ደቂቃው 60 ሜጋቢት ነው፤ ለ8 ስናካፍለው 7.5 ሜጋባይት ይሆናል። በዚህ ስሌት የ2 ሰዓት ደርስ 900 ሜጋባይት ይመዝናል። ያንኑ ደርስ በሰከንድ 17 ሜጋቢት በሚይዝ ከፍተኛ ጥራት ብንቀርጸው 15.3 ጊጋባይት ይደርሳል። ድምፁን ብቻ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ብናስቀምጠው ደግሞ ከ58 ሜጋባይት አይበልጥም። ንግግሩ አንድ ነው፤ ርዝመቱም አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን ከ58 ሜጋባይት እስከ 15.3 ጊጋባይት ይለያያል።

ይህ ለመጫንም ያው ነው። ኢንተርኔታችን በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚጭን ቢሆን 900 ሜጋባይቱ 1 ሰዓት ይፈጅበታል። 15.3 ጊጋባይቱ ግን 17 ሰዓት ይወስዳል፤ ያውም ኔትወርኩ ሳይቆራረጥና መብራት ሳይጠፋ ነው።

2. ገደቡ ከየት መጣ?

ገደብ በኢንተርኔት አልተጀመረም። አባቶቻችንና ታላላቆቻችን የአማርኛ ሙሃደራዎችን በካሴት ነበር የሚሰሙት። የ60 ደቂቃ ካሴት አንድ ፊቱ 30 ደቂቃ፣ የ90 ደቂቃው 45 ደቂቃ ይይዛል። ተናጋሪው ሐሳቡን ሳይጨርስ ክሩ ካለቀ ካሴቱን ገልብጦ መቀጠል ነው። ቀጥሎ ሲዲ መጣ፤ እሱም 700 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነበር የሚይዘው።

ዩቲዩብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። መጀመሪያ የተጫነበት ቪዲዮ 19 ሰከንድ ብቻ ነበር። በማርች 2006 ድርጅቱ ለተራው ተጠቃሚ የ10 ደቂቃ ገደብ አደረገ። ምክንያቱ የማስቀመጫ ቦታ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ ከ10 ደቂቃ በላይ ከሚረዝሙት ውስጥ አብዛኞቹ ያለ ባለቤቶቻቸው ፈቃድ የተጫኑ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችና ፊልሞች ሆነው ስለተገኙ ነው። ብዙ የአማርኛ ትምህርቶችም በዚያ ዘመን «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» እየተባሉ ተቆራርጠው ይጫኑ ነበር። በ2010 ገደቡ ወደ 15 ደቂቃ ከፍ አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም ደንብ ላልጣሱ የተመረጡ ተጠቃሚዎች ተነሣ። ይህ የተቻለው የሌላ ሰው ንብረት ሲጫን በራሱ የሚለይ አሠራር ስለተዘረጋ ነው።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንወስዳለን። ገደቡ በከፊል የመጣው ሰዎች የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ ስለወሰዱ ነው፤ የላላውም መተማመን የሚቻልበት መንገድ ሲገኝ ነው። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተናጋሪንና የጸሐፊን መብት ይጠብቃል። ስለዚህ የኡስታዙን ንግግር ከመቅረጻችን በፊት ፈቃዱን መጠየቅ አደብ ብቻ አይደለም፤ ሕግም ነው።

3. የዛሬዎቹ ገደቦች

ቁጥሮቹ በየጊዜው ይለዋወጣሉ። ዋና ዋናዎቹን ግን ማወቅ ይጠቅማል።

ዩቲዩብ፦ በስልክ ቁጥር ያልተረጋገጠ አካውንት እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ይጭናል። ከተረጋገጠ እስከ 12 ሰዓት ወይም እስከ 256 ጊጋባይት መጫን ይችላል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ይይዘዋል። አጫጭሮቹ «ሾርትስ» 60 ሰከንድ ነበሩ፤ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ እስከ 3 ደቂቃ ተፈቅዷል።

ቲክቶክ፦ በ15 ሰከንድ ቪዲዮ ታወቀ፤ ወደ 60 ሰከንድ፣ በ2021 ወደ 3 ደቂቃ፣ በ2022 ወደ 10 ደቂቃ አደገ።

ቴሌግራም፦ የርዝመት ገደብ ሳይሆን የክብደት ገደብ ነው ያለው። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት፣ በክፍያ ለሚጠቀሙ ደግሞ እስከ 4 ጊጋባይት ይቀበላል። በላይ ባየነው ስሌት የ2 ሰዓት ደርስ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከተዘጋጀ ሳይቆረጥ ይገባል ማለት ነው።

ዋትስአፕ፦ ለረጅም ጊዜ ቪዲዮን በ16 ሜጋባይት ገድቦ ቆይቷል፤ ይህም በዚያው ስሌት 2 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው። በ2022 በሰነድ መልክ ለሚላክ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ፈቅዷል።

ሌሎች ገደቦች ደግሞ ከእጃችን ላይ ናቸው። ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ሚሞሪ ካርድ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ካሜራው ቀረጻውን በራሱ የሚከፋፍለው ለዚህ ነው። ብዙ የፎቶ ካሜራዎች በ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ቀጥ የሚሉት ደግሞ በአውሮፓ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ ይከፈልበት ስለነበር ነው። ይህን ያላወቀ ቀራጭ ካሜራውን አቁሞ ሄዶ ሲመለስ ግማሹን ደርስ አያገኘውም።

4. ከእንጦጦ የምንማረው

ከኮተቤም ሆነ ከመገናኛ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የእንጦጦን ሰንሰለት ያያል። እዚያ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ፎቶዎቿን የምትልከው ወደዚሁ ጣቢያ ነበር።

ሳተላይቷ መሬትን ስለምትዞር ከጣቢያው ጋር የምትተያየው በአንድ ዙር ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የሚላከው ሁሉ በዚያች ጊዜ ውስጥ መላክ አለበት። በፎቶዋ ላይ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 13.75 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ሰው ወይም መኪና አይለይበትም፤ የእርሻ፣ የደንና የውኃ ለውጥ ግን ይታይበታል። የተላከችውም ለዚያ ነው። ጥራቱ ለዓላማው ተለክቷል።

እኛስ? ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኪታብ የሚያስቀራ ሸይኽ ለማየት ከፍተኛው ጥራት ምን ያደርግልናል? ለተማሪው የሚያስፈልገው የጠራ ድምፅ ነው። ነጭ ሰሌዳ ላይ ስሌት የሚሠራበት ቲቶሪያል ግን ጽሑፉ መነበብ አለበት፤ ስለዚህ 720 ፒ ያስፈልገዋል። ጥራትን ለዓላማው መለካት ስስት አይደለም፤ ይልቁንም የወንድማችንን ገንዘብ ከማባከን መጠበቅ ነው። ጥቅሉን በሳንቲም ቆጥሮ የሚገዛ ተማሪ 15 ጊጋባይት አያወርድም፤ ከደርሱ ይቀራል እንጂ።

5. ገደቡ ቃል ላይ ሲያርፍ

እስካሁን ያየነው የቁጥር ጉዳይ ነው። ከባዱ ጉዳይ የሚመጣው የ2 ሰዓት ንግግር 60 ሰከንድ ውስጥ እንዲገባ ሲፈለግ ነው። እዚህ ላይ የምንቆርጠው ፋይል ብቻ አይደለም፤ የሰው ቃል ነው። የሰው ቃል ደግሞ አማና ነው።

ሁላችንም የምናውቀው ምሳሌ አለ። ሱረቱል ማዑን ውስጥ ስለ ሰጋጆች የተነገረውን አንቀጽ ከሚከተለው ለይቶ ያቆመ ሰው መልእክቱን ይገለብጠዋል። የተነበበው ቃል በሙሉ ትክክል ነው፤ ስህተቱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው። የቪዲዮ ቁራጭም እንዲሁ ነው። ኡስታዙ «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ» ብሎ የሌላውን ሐሳብ ካቀረበ በኋላ መልሱን ይሰጣል። ቁራጩ ከመልሱ በፊት ካለቀ ኡስታዙ የተቃወመውን ሐሳብ እንደደገፈ ሆኖ በየስልኩ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ማስተባበያው እሱን ተከትሎ አይደርስበትም።

በትምህርት ላይም ያው ነው። በካልኩለስ የሎፒታልን ሕግ ያስረዳ ቲቶሪያል ተቆርጦ አሠራሩ ብቻ ቢቀር፣ ተማሪው ሕጉ የሚሠራው መጀመሪያ ዜሮ በዜሮ ወይም ኢንፊኒቲ በኢንፊኒቲ ሲመጣ መሆኑን ሳያውቅ ፈተና ይገባል። ቁራጩ ውሸት አልተናገረም፤ ቅድመ ሁኔታውን ግን አስቀርቷል።

ታዲያ ፈጽሞ አንቁረጥ? አይደለም። የኪታብ ትምህርታችን ራሱ በክፍል በክፍል የሚሄድ ነው። በወሎ በዳናና በገታ የነበሩት ደረሳዎች አንድን ኪታብ በአንድ ቀን አልጨረሱትም። ኪታቡም በባብና በፈስል የተከፋፈለ ነው፤ ደረሳው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቀራል። ልዩነቱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ትምህርቱ የሚቆመው መስአላው ሲያልቅ ነው፤ ሰዓት ስለሞላ ብቻ አይደለም። እኛም ደንባችንን ከዚህ መውሰድ እንችላለን፦ ርዝመቱን የሚወስነው ሐሳቡ ይሁን፤ ሐሳቡ በገደቡ ውስጥ ካልገባ ሌላ ቦታ እንፈልግለት።

6. በተግባር ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመቅረጽ በፊት ከተናጋሪው ፈቃድ እንውሰድ። «ቆርጠን ልንለቀው እንችላለን ወይ?» ብለን ለይተን እንጠይቅ። ታዳሚዎችን፣ በተለይ እህቶችን፣ ሳናስፈቅድ ካሜራ ውስጥ አናስገባ።

ሁለተኛ፣ ስልኩን ከመነሻው 720 ፒ ላይ እናድርገው። ማስቀመጫ ቦታውንና ባትሪውን እንይ፤ ካሜራው በራሱ የሚያቆም መሆኑን አስቀድመን እንሞክር።

ሦስተኛ፣ ከአንድ ቀረጻ ሦስት ቅጂ እናዘጋጅ፦ ሙሉውን ለዩቲዩብ፣ ቀለል ያለውን ለቴሌግራም፣ ድምፁን ብቻ ጥቅል ለሚቸግረው።

አራተኛ፣ ዋናውን ቅጂ ሁለት የተለያየ ሃርድ ዲስክ ላይ እናስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ በአገራችን ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ትምህርቱን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያኖረ ሰው በዚያን ጊዜ ተቸግሯል።

አምስተኛ፣ አጭር ቁራጭ ስንለቅ የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑን፣ ርዕሱንና «ከሙሉው ደርስ የተወሰደ» የሚል ጽሑፍ ከሙሉው ሊንክ ጋር እናያይዝ። ከከፋፈልነውም «ክፍል 2 ከ5» ብለን ጠቅላላውን እናሳውቅ፤ «ክፍል 2» ብቻ ማለት ስንት እንደቀረ አይነግርም።

ስድስተኛ፣ ቁራጩን ከመልቀቃችን በፊት ደርሱን ያልተከታተለ አንድ ሰው ይስማውና የገባውን ይንገረን። የገባው ኡስታዙ ካለው ጋር ካልገጠመ አይለቀቅ። ቢቻል ኡስታዙ ራሱ ይስማው።

ሰባተኛ፣ ይህ ለአስተላላፊውም ነው። የ30 ሰከንድ ቁራጭ ሲደርሰን፣ በተለይ የሚያስቆጣ ከሆነ፣ ሙሉውን ሳንፈልግ ለሌላ አናስተላልፍ።

ለውይይት

በየሐለቃችን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንወያይባቸው። ሀ) የ90 ደቂቃ ሙሃደራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀረጽ ስንት ይመዝናል? ቴሌግራም ላይ በአንድ ፋይል ይገባል? ለ) በዚህ ሳምንት ካየናቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ሐሳቡ ሳያልቅ የተቆረጠ የትኛው ነው? ሐ) በ60 ሰከንድ ፈጽሞ መነገር የሌለበት ምን ዓይነት ርዕስ ነው?

ገደቡን የሚያወጡት ድርጅቶች ናቸው፤ ነገ ሊያጠብቁትም ሊያሰፉትም ይችላሉ። ቃሉን ሳያጎድሉ የማድረስ ኃላፊነት ግን የእኛ የቆራጮቹና የአስተላላፊዎቹ ነው። አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።