የደብሩ ንድፍ በደብሩ እጅ፦ በኢንክስኬፕ የንድፍ ሥራን መጀመር

ንጉሥ ዳዊት ቤተ መቅደሱን የሚሠራው ልጁ እንጂ እርሱ እንዳልሆነ በተነገረው ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 28 እንደምናነበው፣ የቤተ መቅደሱን መግቢያ፣ የቤቶቹን፣ የግምጃ ቤቶቹንና የውስጥ ክፍሎቹን ንድፍ ለሰሎሞን አስረከበው። የሠሪው እጅ ቢለወጥም ንድፉ ስላልጠፋ ሥራው ተፈጸመ።

በየአጥቢያችን የሚታየው ልማድ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ የራቀ ነው። የቅጽረ ግቢው አቀማመጥ በአንድ አባት አእምሮ ወይም በአንድ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ይቀራል። አባታችን ሲያርፉ፣ ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ፣ ወይም የሰበካ ጉባኤው አባላት በምርጫ ሲለወጡ አዲሱ ኮሚቴ ከባዶ ይጀምራል፤ ለተከፈለበት ሥራም ዳግመኛ ይከፍላል። ይህ ትምህርት ያለ ክፍያ በሚገኝ ፕሮግራም የግቢያችንን ንድፍ ራሳችን እንዴት እንደምናዘጋጅ፣ እንደምናርምና ለተተኪዎቻችን እንደምናስረክብ ያሳያል።

ንድፍ ለምን ያስፈልገናል?

ከየካ ሚካኤል ሰፈር ተነሥቶ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው በዚያ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ግቢ እንደ ሜዳ ግቢ እንዳልሆነ ያስተውላል። ተዳፋት አለ፤ በክረምት ከላይ የሚወርድ ጎርፍ አለ፤ ጠበል አለ፤ መካነ መቃብር አለ፤ ባሕር ዛፍ በሸፈነው ተራራ መካከል በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የቆየ ጽድና ወይራ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያምም ሆነች ከአለት የተፈለፈለው የየካው ዋሻ ሚካኤል ከቆሙበት ተራራ ተለይተው አይታሰቡም።

እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከጠበሉ በላይ ቢቆፈር ጠበሉን ሊበክል ይችላል፤ እርከኑም ያለ ቦታው ቢሠራ ጎርፉን ወደ መቃብሩ ይመልሰዋል። ነገሩ በቃል ብቻ ሲነገር ያከራክራል። በንድፍ ላይ ሲታይ ግን ካህኑም፣ የኮሚቴው አባልም፣ ባለሙያውም አንድ ነገር እያዩ ይመክራሉ። ለውኃ፣ ለችግኝ ተከላ ወይም ለአዳራሽ ግንባታ የሚቀርብ የፕሮጀክት ሐሳብም ከነንድፉ ሲቀርብ ለመረዳት ይቀላል።

ነጥብና መስመር

የብራና ጸሐፊ ፊደል ከመጣሉ በፊት ብራናውን በወስፌ እየወጋ ነጥብ ያበጃል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብም መስመር ያሰምራል። የገጹ ሥርዓት የሚጸናው በነዚያ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። የኢንክስኬፕ አሠራርም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ፕሮግራሙ የሚያስቀምጠው ነጥቦቹ የት እንዳሉ፣ በመካከላቸው ያለው መስመር ቀጥ ያለ ወይም የጎበጠ መሆኑንና ቀለሙን ነው። ስለዚህ ሥዕሉ በጉርድ ወረቀትም ሆነ በበዓል ሰንደቅ ላይ ቢታተም ጥራቱ አይለወጥም።

በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ግን እንደዚህ አይደለም። እርሱ በጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች የተሞላ ስለሆነ ሲጎላ ይደበዝዛል። ከዚህም በላይ በፎቶግራፍ ላይ አንዱን አጥር ብቻ ለይቶ ማንቀሳቀስ አስቸጋሪ ነው፤ በነጥብና በመስመር በተሠራ ንድፍ ግን አጥሩ ራሱን የቻለ አካል ነው።

ስለ ፕሮግራሙ

ኢንክስኬፕ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ባሉ በጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ነው። ፈቃዱ ማንኛውም ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲያባዛውና እንዲያሻሽለው ይፈቅዳል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ በፍላሽ ከደብር ወደ ደብር ቢወሰድ ሕግ መተላለፍ የለበትም። ይህ ለቤተ ክርስቲያን ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ዋጋው ውድ የሆነን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ገልብጦ መጠቀም የሌላውን ድካም መውሰድ ነው። ከታማኝ ምንጭ ያልመጣ ቅጂም ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባል።

ትምህርቱ፦ የአንድ ግቢ ንድፍ ደረጃ በደረጃ

ለልምምድ ርዝመቱ 120 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሜትር የሆነ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያዘቀዝቅ ግቢ እናስብ።

1. መለካት። ሥራው የሚጀመረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከሜትር ነው። ሁለት ሰዎች የአጥሩን እያንዳንዱን ጎን ይለኩ፤ ሦስተኛው በወረቀት ላይ ይመዝግብ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያለውን ሰያፍ ርቀትም መለካት አይዘንጋ፤ ጎኖቹ ብቻ ከተለኩ የግቢው ቅርጽ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም።

2. ገጹን ማዘጋጀት። ፕሮግራሙ ሲከፈት በ«ፋይል» ዝርዝር ውስጥ ያለውን «ዶክዩመንት ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱ። ወረቀቱን ኤ4 አግድም፣ መለኪያውን ሴንቲሜትር ያድርጉ። 1 ሴንቲሜትር 5 ሜትርን እንዲወክል እንወስን፤ ይህም 1 ለ500 የሚባለው መጠን ነው። የግቢያችን ሥዕል 24 በ16 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ በወረቀቱ ጎንም ለመግለጫ የሚሆን ቦታ ይተርፋል። በዚያው መስኮት «ግሪድስ» በሚለው ሥር በየ0.2 ሴንቲሜትሩ የሚሰመር መረብ ይጨምሩ። ትንሿ ክፍል 1 ሜትር ትሆናለች፤ በየአምስቱ የሚመጣው ደመቅ ያለ መስመርም 5 ሜትርን ያሳያል።

3. ንጣፎችን መለየት። «ሌየር» የሚባሉትን ንጣፎች እንደ ተደራረቡ ስስ መስታወቶች እንመልከታቸው፤ በአንዱ ላይ የተሣለው ሌላውን አያበላሽም። «ወሰን»፣ «ሕንፃ»፣ «ዛፍ»፣ «ውኃ» እና «ጽሑፍ» የሚሉ አምስት ንጣፎችን ይክፈቱ። ቁልፍ ምልክቱን በመጫን የተጠናቀቀውን ንጣፍ ይዝጉ፤ የዓይን ምልክቱን በመጫን የማይፈለገውን ይሰውሩ።

4. ወሰኑን መሣል። ሺፍትን ከኤፍ 6 ጋር ሲጫኑ ብዕሩ ይመጣል። በእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ መጨረሻ ላይ በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ሲጫኑ ወሰኑ ይዘጋል። ነጥብ ከተሳሳተ ኤፍ 2ን ተጭኖ እርሱን ብቻ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ስሕተትን ለመመለስ ኮንትሮልን ከዜድ ጋር ይጫኑ። ጀማሪ እጅግ የሚወደው ቁልፍ ይህ ነው።

5. ቤተ ክርስቲያኑን መሣል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ለጀማሪ የተመቸ ትምህርት ነው። በኤፍ 5 ኮንትሮልን ይዘው ሁለት ክቦችን ይሣሉ፤ አንዱ የውጭውን ግድግዳ፣ ሌላው ቅኔ ማኅሌቱን ከቅድስቱ የሚለየውን ያሳያል። በኤፍ 4 ደግሞ ለመቅደሱ አራት ማዕዘን ይጨምሩ። የውጩ ስፋት 20 ሜትር፣ የውስጡ ክብ 14 ሜትር፣ የመቅደሱ ጎን 7 ሜትር ከሆነ፣ በሥዕሉ ላይ 4፣ 2.8 እና 1.4 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ኤፍ 1ን ተጭነው እያንዳንዱን በመምረጥ ቁጥሩን ከላይ ባሉት የስፋትና የቁመት ሣጥኖች ይጻፉ። ከዚያም ሦስቱን አንድ ላይ መርጠው በ«አላይን» መስኮት መካከላቸውን ያስተካክሉ፤ ኮንትሮልን ከጂ ጋር ሲጫኑም አንድ አካል ሆነው ይታሰራሉ። እንደ እንጦጦ ማርያም ስምንት ማዕዘን ላለው ሕንፃ የኮከብና የብዙ ጎን መሣሪያውን መርጦ የማዕዘኑን ቁጥር 8 ማድረግ ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል ነገር አለ። ፕሮግራሙ ሲጫን ስፋትን የሚለካው የመስመሩን ውፍረት ጨምሮ ነው። በ«ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ቱልስ» በሚለው ሥር «ጂኦሜትሪክ ባውንዲንግ ቦክስ» የሚለውን ከመረጥን ግን ቅርጹን ብቻ ይለካል።

6. ዛፍና ውኃ። አንድ ትንሽ አረንጓዴ ክብ ሠርተው ኮንትሮልን ከዲ ጋር በመጫን ያባዙት። ለጽድ፣ ለወይራና ለባሕር ዛፍ የተለያየ አረንጓዴ ይስጡ። የጎርፉን መንገድ በሰማያዊ መስመር ከላይ ወደ ታች ይሣሉ፤ በ«ፊልና ስትሮክ» መስኮትም ጫፉ ላይ ቀስት ያኑሩ። ጠበሉ የት እንደሆነ ምልክት ካደረጉ በኋላ አሁን ንድፉን ይመልከቱት። መጸዳጃው ከጠበሉ በላይ ነው ወይስ በታች? ቀስቱ ወደ መቃብሩ ያመለክታል ወይስ ወደ ቦዩ? ቁፋሮ ሳይጀመር እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ንድፉ ብቻውን የድካማችንን ዋጋ ይከፍላል።

7. ጽሑፍ። በኤፍ 8 ይጻፉ፤ በዩኒኮድ የሚሠራ የፊደል ዓይነት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክን ይምረጡ። በቀድሞ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሊሆን ስለሚችል እንደገና መጻፍ ይሻላል። በጎኑ የሰሜን ቀስት፣ የምልክቶች መግለጫ፣ የተለካበትን ቀንና 50 ሜትርን የሚያሳይ የ10 ሴንቲሜትር መስመር ያስቀምጡ።

ማስቀመጥና ማሳተም

ዋናው ፋይል «ኤስቪጂ» በሚባለው ዓይነት ይቀመጥ፤ ወደፊት የሚታረመው እርሱ ነው። ለማተሚያ ቤት የሚላከው ደግሞ በ«ፒዲኤፍ» ይዘጋጅ። በማዘጋጃው መስኮት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ የሚለውጠውን ምርጫ ከወሰድን፣ ማተሚያ ቤቱ የእኛ የግዕዝ ፊደል ባይኖረውም የደብሩ ስም ወደ ባዶ ሣጥን አይለወጥም። በራሳችን ማተሚያ ስናትም መጠኑ 100 በመቶ እንዲሆን እንምረጥ፤ ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን የሚለውን ከተውንለት ልኬቱ ይዛባል። የ10 ሴንቲሜትሩን መስመር በማስመሪያ ለክቶ ማረጋገጥ ይገባል። በወረቀት ላይ የሚወጣው ቀለም በስክሪን ከሚታየው ስለሚለይ ብዙ ቅጂ ከመታተሙ በፊት አንድ የሙከራ ቅጂ ማየት መልካም ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ይህ ንድፍ የይዞታ ማረጋገጫውን ካርታ አይተካም። የወሰን ጥያቄ ሲነሣ የሚጸናው ሥልጣን ያለው የመሬት አካል የሰጠው ሰነድ ነው፤ የእኛ ንድፍ ለምክክርና ለዕቅድ ያገለግላል። ለግንባታም የመሐንዲስ ሥራና ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የዕቃ ቤቱንና የንዋያተ ቅድሳቱን ማኖሪያ ቦታ በንድፉ ላይ አንጻፍ። ለውስጥ ሥራ ግድ ከሆነ በራሱ ፋይል ይቀመጥ። ንጣፉን መሰወር ብቻ አይበቃም፤ «ኤስቪጂ» ፋይሉ የደረሰው ሰው ሁሉ የዓይን ምልክቱን ተጭኖ ያየዋል። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚላከው «ፒዲኤፍ» ብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የደብሩን ማኅተምና የአስተዳዳሪውን ፊርማ ሥዕል በፋይሉ ውስጥ አናስገባ። ያማረ መስሎን ያስገባነው ማኅተም ተገልብጦ በሐሰት ደብዳቤ ላይ ሊገኝ ይችላል። ማኅተም በወረቀቱ ላይ፣ በሚገባው አካል እጅ ይደረግ።

ርክክብ

ፋይሉ በሦስት ቦታ ይኑር፦ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ ተለይቶ በሚቀመጥ ፍላሽ፣ እንዲሁም ታትሞ በመዝገብ ቤት። በፋይሉ ስም ላይ ዓመተ ምሕረቱና ወሩ ይጻፍ። የሰበካ ጉባኤ አባላት ሲለወጡ ንድፉ እንደ ሒሳብ መዝገቡ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ይረከብ። ሥራውን ለአንድ ሰው ብቻ መተው አይገባም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ በተለይ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱ፣ ቢማሩት ዕውቀቱ ከአንድ ሰው ጋር አይሄድም።

ለመወያያ

1. የግቢያችን ንድፍ ዛሬ በማን እጅ ይገኛል? የሚታረመው ዋና ፋይልስ አለን?
2. በክረምት ጎርፉ ከየት ገብቶ በየት ይወጣል? ይህን የሚያውቁት አረጋውያን የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱ ጋር ግቢውን ዞረን እንመዝግብ።
3. በመጪው ሦስት ወር መለኪያውን የሚይዙት፣ በኮምፒውተር የሚሠሩትና ንድፉን የሚመረምሩት እነማን ይሁኑ?

ዳዊት ያስረከበው ንድፍ በሰሎሞን እጅ ፍሬ አፈራ። እኛም በምንችለው መጠን ልከን፣ ሠርተንና በሥርዓት አስቀምጠን ብናልፍ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ከባዶ አይጀምሩም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።