ሐምሌ ላይ ወፎቹ የት ሄዱ?

ጥያቄ፦ አውቶቡስ ተራ አካባቢ የሻንጣ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ሐምሌ ከልጆቼ ጋር ዝዋይ ሐይቅ ዳር ጎጆ ተከራይተን አደርን። ወፎቹን ግን የተወራላቸውን ያህል አላየንም። ለምን ይሆን? ልጆቹስ ቢዋኙ ችግር አለው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ዓይንዎ አላታለለዎትም። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ስምጥ ሸለቆ የሚቆዩት በግምት ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው። ሐምሌ ላይ የሚያገኙት በአብዛኛው ነዋሪዎቹን ነው። እንግዲህ ኅዳር ወይም ጥር ላይ ይሞክሩ። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ዓሣ አስጋሪዎች ወደሚሰበሰቡበት የባቱ (የዝዋይ ከተማ) ዳርቻ ይውረዱ፤ አባ ኮዳዎቹ መላጣቸውን ደፍተው፣ ልክ ወረፋ እንደያዙ ሽማግሌዎች፣ የዓሣ ራስ ሲጠብቁ ያያሉ። ፔሊካኖቹም አይርቁም። ፍላሚንጎ ካሻዎት አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ይዝለቁ፤ የአቢጃታ ውኃ ስለሸሸ ዳርቻው ጭቃ ነውና ያለ ፓርኩ አስጎብኚ አይጠጉ።

ዝዋይ ውስጥ ግን ልጆቹ ባይዋኙ እመርጣለሁ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ሐምሌ ላይ ገብተው ከነበረ፣ ምልክት ባይታይም ሐኪም አማክረው ያስመርምሯቸው። ከጉዞ በኋላ ትኩሳት ከያዛቸው ደግሞ ወባ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።

በአውቶቡስ የሚጓዙ ከሆነ፣ ደጃፍዎ አውቶቡስ ሞልቶ ሳለ ወደ ዝዋይ ለሚወስደው የደቡብ መስመር ቃሊቲ መናኸሪያ መሄድዎ ትንሽ ያስቃል፤ መነሻውን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።