መጀመሪያ ማን ይስማው?

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ አንድ አሮጌ ካሴት አገኘ። ሰውየው ብራያን ሺምኮቪትዝ ይባላል። ካሴቱ የኃይሉ መርጊያ ነበር፤ የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት የኃይሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ብቻውን በላይ በላዩ እየደረበ የቀዳው ሥራ ነው። ካሴቱ አገር ቤት መጣ፣ ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ከዚያም እንደ ብዙዎቹ ካሴቶች ተረሳ። ኃይሉ ተፈልጎ ሲገኝ እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ የአየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ውስጥ ያኖረውን ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን ጨመረልን።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ታክሲው ላይ ይቆማሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ካሴቱ ነው። ኃይሉ «ገና ነው፣ ትንሽ ላስተካክለው» እያለ መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጠው ኖሮ፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ የትኛውም ሰብሳቢ የትኛውም ከተማ ቢዞር የሚያገኘው ነገር አልነበረም።

ዛሬ የምጽፈው ለአንቺ ነው። ሸሕዲ ላይ፣ ወይም ወደ ሱዳን ድንበር ወርደሽ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ በሠርግ ባንድ ኪቦርድ አልያም በስልክሽ ፒያኖ የራስሽን ዜማ ደርሰሽ ለማንም ሳታሰሚ ለያዝሽው። (ወንዶች አትቀየሙ፤ ለእናንተም ነው።)

ሰበቡን አውቀዋለሁ። ፒያኖ የለም። እውነት ነው፤ ሸሕዲ ላይ ባለ ክሩ፣ ባለ እንጨቱ ፒያኖ አለ ብትዪኝ ይገርመኛል፤ ቢኖርም የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ቅኝቱን በሳምንት ያወላግደው ነበር። አስተማሪ የለም። ኔትወርኩም እንደሚታወቀው ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደነበር ለአንቺ አልነግርሽም። ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ዜማው ተሠርቷል! ጣቶችሽ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እየነኩ ሲሄዱ ትዝታ ቅኝት ከእጅሽ ወጥቷል፤ አምስቱ ጥቁሮች ትዝታ ሜጀርን አሟልተው ይሰጣሉና። ከባዱ ነገር አልፏል። የቀረው ማሰማት ነው።

ማሰማቱ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ልጅ ይልቅ አንቺ የምታውቂው ነገር አለ። ሰሊጥ ሁሉም ፍሬው እስኪደርቅ አይጠበቅም። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ላዩ ገና አረንጓዴ ሳለ ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ በሂላ ይቆማል፤ የሚደርቀው ተቆርጦ ቆሞ ነው። «የላዩም ይብሰልልኝ» ብሎ የቆየ ገበሬ የታቹን ፍሬ መሬት ላይ ተበትኖ ያገኘዋል። ዜማሽንም አሁን እጨጂው። የቀረው በሰው ጆሮ ላይ ቆሞ ይድረቅ።

የማንን ጆሮ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከሸሕዲ ሽቅብ፣ በአይከል አድርገሽ ጎንደር ስትገቢ፣ አስተያየት መቀበልን እንደ ትምህርት የያዘ ተቋም አለ፤ የቅኔ ቤት። ተማሪው ቀን ለብቻው ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲመለስ መምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ፣ ያዘጋጀውን ይናገራል። መምህሩ ቃል ይጥላሉ፣ ቃል ይተካሉ፣ ዜማው ጎድሎ ከሆነ «ጎደለ» ይላሉ። ተማሪው ይቀበላል፤ በነጋታው ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ጀማሪው የሚጀምረው ደግሞ ከትንሹ፣ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ማንም በመጀመሪያ ቀኑ መወድስ ካልተቀኘሁ አይልም።

ስለዚህ ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አራት ክፍል ያለው ነገር ይዘሽ ሕዝብ ፊት አትውጪ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ደግሞም ተማሪው የሚያሰማው መጀመሪያ ለመምህሩና ለጓደኞቹ ነው እንጂ ለገበያው አይደለም። አሁን ያለው ልማድ ግን ተገልብጧል፤ ልጆቻችን ዜማቸውን ይዘው በቀጥታ ቲክቶክ ላይ ይወጡና፣ ለሦስት ቀን እንቅልፍ አጥተው ልብ የሚቆጥሩበት ነገር ይሆናል። ልብ የሰጠሽ ሰው ዜማሽን ሰምቶ ይሁን ፊትሽን አይቶ በምን ታውቂያለሽ?

የፒያኖ ደራሲዋ መነኩሲት የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ የጎንደር ከንቲባ የነበሩት። በልጅነታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ ዕድል መጣ፤ ፈቃድ ተከለከሉ። ምግብ እስከ መተው ደረሱ። ከዚያ ፒያኖውንም ከተማውንም ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ በባዶ እግር ወደ ዐሥር ዓመት ኖሩ።

ብዙ አነቃቂ ጽሑፍ «ሕልማቸውን አልተዉም» ብሎ እዚህ ይዘጋል። ውሸት ነው፤ ትተውት ነበር። ያስመለሳቸው ነገር ነው ደስ የሚለኝ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ደጅ ላይ የሚያድሩ፣ ለምነው የሚበሉ የአብነት ተማሪዎችን አዩ። ከሩቅ አገር ዜማ ሊማሩ የመጡ ልጆች ናቸው። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ፒያኖ ነበርና ድርሰቶቻቸውን በጀርመን አገር ሸክላ ላይ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች እንዲሆን አደረጉ። ለታዋቂነት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ባላወጡት። ለሌላ ሰው ሲሆን እጃቸው ተፈታ።

ይህን ከእርሳቸው ስረቂ። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣሽ ከሆነ፣ ዜማውን ለአንድ ሰው አድርጊው። ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ዘንድሮ ላልተመለሰ ወንድምሽ፣ ወይም ለእናትሽ። ስትለቂው «ይህን ለእሷ ሠራሁ» ብለሽ ልቀቂ። ስድብ ቢመጣ እንኳ ዜማው ባለቤት አለው፤ እሷ ወዳዋለች።

የእማሆይ ቀሪው ታሪክ ፈጣን ነው፤ ወይም በጣም ዘገምተኛ፤ እንዳየሽው። በ1984 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የኢትዮጵያውያን ገዳም ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ሄዱ። በ2006 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 21ኛው ቅጽ አድርጎ ፒያኗቸውን ለዓለም አሰማ። ዘጠናኛ ዓመታቸው ላይ ደግሞ ማያ ዱኔትዝ የተባለች ፒያኒስት በከረጢት ተቀምጠው የነበሩ፣ በእጃቸው የጻፏቸውን ኖታዎች ለይታ በመጽሐፍ አሳተመችላቸው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ስማቸውን የማያውቅ የሩቅ አገር ወጣት ዩቲዩብ ራሱ እያመጣለት ሲያደምጣቸው ዓመታት አልፈው ነበር። የከረጢቱን ነገር ልብ በይ። ኖታ ጽፈው ባያስቀምጡ ማያ የምትለየው ነገር አልነበራትም። አንቺም የሠራሽውን ሁሉ፣ ያልወደድሽውንም ጭምር፣ ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪ። ስልክ ይጠፋል፤ ሜሞሪ ካርድ ላይ አንድ ቅጂ፣ ቴሌግራም ላይ «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ አንድ ቅጂ።

አሁን ወደ ሥራው። ጎህ ሲቀድ፣ ባጃጁና ወፍጮው ሳይነሣ ቅጂው። ኪቦርዱ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለው ለስልክሽ የማይክ መግቢያ በሚስማማ ገመድ ወደ ስልክ ማስገባት ትችያለሽ፤ ገመዱ ከሌለ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ፊት እጥፍ ነጠላ ላይ አስቀምጪው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን የቁልፉ ኳኳታ አብሮ ይገባል። ቪዲዮ ካልሆነ አትበይ። ድምፁ ብቻ በቴሌግራም ሲላክ ቀላል ነው፤ ኔትወርኩ በሚንገታገትበት ሰዓትም ይደርሳል፤ ሰሚውም ዓይኑን ትቶ ጆሮውን ይሰጥሻል።

የሚላክላቸው ሦስት ሰዎች ይሁኑ። አንዱ ሙዚቃ የሚያውቅ፤ የባንዱ ኪቦርዲስት፣ ወይም ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሙዚቃ የተማረ የሰፈርሽ ልጅ። ሁለተኛው ሙዚቃ የማያውቅ ግን የሚያዳምጥ። ሦስተኛው ከድንበሩ ማዶ የመጣ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሱዳን የምትዘፍነውም በአምስት ድምፅ ነው፤ መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ ቋንቋቸውን በማናውቅ በእኛ ዘንድ እንዲያ የተወደዱት ያለ ነገር አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ስንቱ ሰው በመተማ በኩል ገብቷል፤ ከመካከላቸው ዑድ የሚመታ አይጠፋም። ቃል የሌለው የፒያኖ ዜማ ለእርሱ አስተርጓሚ አይፈልግም። የአዲስ አበባ ስቱዲዮ የማያገኘው አድማጭ የአንቺ ጎረቤት ነው!

ስትልኪ «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። አበሻ «እንዴት ነው?» ሲባል «ደስ ይላል» ነው የሚለው፤ ይሉኝታ አለብን። ጠባብ ጥያቄ ጠይቂ። «የት ላይ ሰለቸህ?» «ስትጨርስ የትኛው ዜማ አፍህ ላይ ቀረ?» «መካከል ላይ ወደ ባቲ ቅኝት ስቀይር ሰማኸው ወይስ ስሕተት መሰለህ?» እንዲህ የተጠየቀ ሰው ሊያሞግስሽ ቢፈልግ እንኳ መመለስ አለበት። አፉ ላይ የቀረው ዜማ አንቺ ዋና ያልሽው ካልሆነ፣ ትልቅ ነገር ተማርሽ፤ ዋናሽ ሌላ ነው።

መልሱ ሲመጣ ወዲያው አትከራከሪ። ጻፊው፤ አንድ ሌሊት ይደርበት። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ከሰለቻቸው ቦታው ይሰለቻል፤ ቁረጪው። አንዱ ብቻ ከሆነ ጠብቂ። ሁለቱ ከተቃረኑ ደግሞ እሰየው፤ የምትመርጪው አንቺ ነሽ ማለት ነው። የቅኔ መምህር እንኳ ቃል ያርማል እንጂ ምስጢሩን ከተማሪው አይወስድም።

ከዚህ በኋላ ለሕዝብ ልቀቂው፤ ዩቲዩብም ቲክቶክም። «በርቺ» የሚሉሽን አመስግኚ፤ ጣፋጭ ነው፣ አያስተምርም እንጂ። የሚሰድብሽን እለፊው። ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅምሽ ምንም ያልጻፈው አድማጭ ነው፤ ዩቲዩብ ሰው በስንተኛው ሰከንድ ላይ ጥሎ እንደሚወጣ ለባለቤቱ በመስመር ሥሎ ያሳያል። መስመሩ መግቢያሽ ላይ ከወደቀ መግቢያሽ ረዝሟል። ይሉኝታ የሌለበት አስተያየት እንዲህ ያለ ነው።

አንድ ነገር ግን ለማንም አስተያየት ብለሽ አታርሚ፤ የቆላውን ድምፅ። ግርማ ይፍራሸዋ ክራር ሲመታ ያደገ ልጅ ነው፤ ፒያኖን ያገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ ቡልጋሪያ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተማረ። የእነ ሾፓንን ሙዚቃ ተምሮ የመጣ ሰው ከሥራዎቹ አንዱን የሠራው በዋሽንት በሚጫወት እረኛ ላይ ነው፤ ሌላውን በአምባሰል። አንቺ ደግሞ የጉሙዝ ጎረቤትሽ በበዓል ቀን የሚነፋውን፣ የሰሊጥ ሠራተኛው ማታ የሚያንጎራጉረውን፣ ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት በኩል በነፋስ የሚመጣውን ዘፈን በአንድ ጆሮ ሰምተሽ ያደግሽ ነሽ። ይህ ድብልቅ ዜማሽ ውስጥ ገብቶ አንዱ አዋቂ «ከቅኝት ወጣ» ቢልሽ፣ የት ላይ እንደወጣ ጠይቂው፤ ስሕተት ከሆነ አርሚ፤ ሸሕዲ ከሆነ ተዪው።

ሁለተኛውን ዜማ ስትልኪ ሰዎቹን አትቀይሪ፤ ጥያቄውን ግን ቀይሪ። የመጀመሪያውን የሰማ ሰው የትኛው ነገር እንደተሻሻለ ሳትነግሪው ሊነግርሽ ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ የድሮው ቅጂ ያስፈልገዋልና አብረሽ ላኪለት።